የኩፋው የጨርቅ ነጋዴ፥ ኢማም አቡ ሐኒፋ

ምስጋና ሁሉ ሰውን ከምንም ፈጥሮ ሲሳዩን ላደላደለለት፥ ንግድን ፈቅዶ ማታለልን ለከለከለ ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላምም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፥ አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር አንድ ጥያቄ ዕድሜውን ሁሉ እንደሚከተለው እወቅ። ይኸውም መልካም ሕይወት የሚባለው የትኛው ነው የሚል ነው። አንዱ ሀብት ነው ይላል፤ ሀብቱን ባገኘ ጊዜ ግን እንቅልፉን ያጣል። ሌላው ሹመት ነው ይላል፤ ሹመቱን ባገኘ ጊዜ ግን የሾመውን ሰው ፊት ሲያይ ይኖራል። ሌላውም ከዓለም ሸሽቶ መቀመጥ ነው ይላል፤ ነገር ግን ሚስትና ልጆች ያሉት፥ ዱቤ የሰጠና ዱቤ የተቀበለ ሰው ወዴት ይሸሻል? ስለዚህ በገበያ መካከል ቆመው፥ ጨርቅ እየለኩና ቤተ ሰብ እያስተዳደሩ፥ ከዕውቀትም ከሐቅም ሳይጐድሉ የኖሩትን የአንድ ሰው ታሪክ እነግርሃለሁ። ልብህን ሰጥተህ ተከተለኝ።

እኚህ ሰው አል ኑዕማን ኢብን ሣቢት ናቸው፤ ዓለም የሚያውቃቸው ግን ኢማም አቡ ሐኒፋ በሚለው ስም ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። የተወለዱት በሂጅራ 80 ዓመት፥ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ699 መሆኑ ነው፥ በዒራቅ አገር በኩፋ ከተማ ነበር። ኩፋ በኸሊፋው በዑመር ኢብን አል ኸጣብ ዘመን በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ የጦር ሰፈር ሆና የተቈረቈረች፥ ኋላም የዕውቀትና የንግድ አገር የሆነች ከተማ ናት። ዓረቡና ፋርሱ፥ ወታደሩና ነጋዴው፥ ሊቁና ባለ እጁ በአንድነት ይኖሩባት ነበር። የአቡ ሐኒፋ ወገን ከፋርስ ነው። በዚያ ዘመን ከዓረብ ነገድ ያልሆነ ሰው በብዙ ስፍራ ዝቅ ተደርጎ ይታይ ስለ ነበረ፥ እኚህ ልጅ ክብርን ከአባቶቻቸው ነገድ ሊወርሱ አልተቻላቸውም። ያገኙት ሁሉ በሥራቸውና በትምህርታቸው ያገኙት ነው።

ሥራቸውም ንግድ ነበረ። ከሐርና ከሱፍ የተሠራውን፥ ኸዝ የሚባለውን ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ሱቃቸውም በኩፋ የዓምር ኢብን ሑረይስ ቤት በሚባለው ስፍራ ለሁሉ የታወቀ ነበረ። በወጣትነታቸው ወደ ገበያ ሲመላለሱ ታላቁ ሊቅ አሽ ሻዕቢ አዩዋቸው። ወዴት እንደሚሄዱም ጠየቋቸው፤ ወደ ገበያ እንደሚሄዱ በነገሯቸው ጊዜ፥ የጠየቋቸው ስለ ገበያው ሳይሆን ስለሚማሩበት ሸይኽ መሆኑን ገለጹላቸው። በልጁም ላይ የንቃትና የማስተዋል ምልክት ስላዩ ወደ ዑለማእ ዘንድ እንዲሄዱ መከሯቸው። ይህ ቃል በወጣቱ ልብ ውስጥ ገባ።

አቡ ሐኒፋ በመጀመሪያ ስለ እምነት ነገር በሚደረገው ክርክር በረቱ። አንድ ቀን ግን አንዲት ሴት መጥታ ስለ ፍቺ ሥርዓት ጠየቀቻቸው። የክርክርን ጥበብ ሁሉ የሚያውቁት ሰው ለአንዲት ባለ ትዳር ጥያቄ መልስ አጡ። ስለዚህ ወደ ሸይኽ ሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማን ሐለቃ ሄዳ እንድትጠይቅና መልሱን ተመልሳ እንድትነግራቸው ለመኗት። ሴቲቱም ሄዳ ተምራ መጣች። ከዚያ በኋላ አቡ ሐኒፋ ጫማቸውን አንሥተው ወደ ሐማድ ሐለቃ ሄዱ ይባላል። እዚያም 18 ዓመት ያህል ተቀመጡ። ሐማድ በሂጅራ 120 ዓመት፥ በ738፥ እስኪሞቱ ድረስ ደረሳ ሆነው ኖሩ፤ ራሳቸው በመምህሩ ወንበር ላይ በተቀመጡ ጊዜም ዕድሜያቸው 40 ዓመት ያህል ነበረ። አንተ ዛሬ ጥቂት አንብቦ ሌላውን ለማስተማር የሚቸኩል ሰው ብታይ፥ ይህን 18 ዓመት አስብ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ሱቁ አልተዘጋም። አሁን፥ ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፥ ለአንተ ወደሚሆነው ነገር እንግባ።

ሐፍስ ኢብን ዐብዱርራሕማን የሚባል የንግድ ሸሪክ ነበራቸው። አንድ ጊዜ ብዙ ሸቀጥ ወደ እርሱ ላኩ፤ ከመካከሉ በአንዱ ጨርቅ ላይ ጉድለት ስላለበት ሲሸጠው ጉድለቱን ለገዢው እንዲያሳይ አስጠነቀቁት። ሐፍስም ሸጠው፤ ጉድለቱን መናገር ግን ረሳ። ማን እንደ ገዛውም አላወቀም። አቡ ሐኒፋ ይህን ባወቁ ጊዜ የዚያን ሸቀጥ ዋጋ ሁሉ ሶደቃ አድርገው ሰጡት። ገንዘቡም 30 ሺ ድርሃም እንደ ነበረ ተርከዋል።

እዚህ ላይ ቆም በል። ጉድለቱ የነበረው በአንድ ጨርቅ ላይ ነው። ሸሪኩም የረሳው ሳያስበው ነው፤ ገዢውም መጥቶ አልከሰሰም። ዳኛ ቢጠየቅ ያን ሁሉ ገንዘብ ይስጡ ብሎ አይፈርድባቸውም ነበር። ታዲያ ለምን ሰጡት? ገንዘቡ ከገንዘባቸው ጋራ ስለ ተደባለቀና የትኛው ድርሃም የዚያ ያልታወቀው ሰው ሐቅ እንደ ሆነ መለየት ስላልቻሉ ነው። የሰው ሐቅ በልጆቻቸው ጉርሻ ውስጥ ከሚገባ ይልቅ ሁሉንም ማጣት ቀለላቸው። እኛ ግን ገዢው ካላየው፥ ጨርቁን አጥፌ ንጹሑን ወገን ባሳየው ምን አለበት፥ እርሱስ ዓይን የለውምን እንላለን። ይህን በምንልበት ሰዓት ያተረፍን ይመስለናል።

ደግሞ ሌላ ነገር ስማ። አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው አመጣች፤ ዋጋውንም 100 ድርሃም አለች። እርሳቸውም ልብሱ ከዚህ የበለጠ እንደሚያወጣ ነገሯት። በመቶ በመቶ እየጨመረች እስከ 400 ደረሰች፤ እርሳቸው ግን አሁንም ከዚህ ይበልጣል አሏት። ሴቲቱ የሚያፌዙባት መሰላት። ስለዚህ ዋጋ የሚያውቅ ሰው እንድታመጣ አዘዟት፤ ሰውዬውም መጥቶ ከገመተ በኋላ በ500 ድርሃም ገዟት። እንደ ገበያ ልማድ ሻጭ በገዛ አፉ በጠራው ዋጋ የገዛ ሰው የሚነቀፍ አይመስልም። አቡ ሐኒፋ ግን የሰውን አለማወቅ እንደ ሸቀጥ አድርገው አልገዙትም። የሚያውቅ ነጋዴ በማያውቅ ሰው ፊት ሲቆም፥ ዕውቀቱ ለዚያ ሰው አደራ መሆኑን ተረድተው ነበር።

በሌላ ቀንም አንዲት አሮጊት መጥታ አቅም የሌላት መሆኗን ገልጻ፥ አንድ ልብስ በገዙበት ዋጋ እንዲሸጡላት ለመነቻቸው። እርሳቸውም በ4 ድርሃም ውሰጂ አሏት። አሮጊቲቱ በዕድሜዋ የሚያሾፉባት መስሏት አዘነች። እርሳቸው ግን ሁለት ልብስ በአንድነት ገዝተው፥ አንዱን ለሁለቱ ካወጡት ዋጋ 4 ድርሃም ብቻ ጐደሎ በሆነ ገንዘብ እንደ ሸጡትና፥ የቀረው ልብስ የቆመባቸው በ4 ድርሃም መሆኑን አስረዷት። ሒሳቡ እውነት ነበር፤ ቸርነቱም በሒሳቡ ውስጥ ነበር። ለድኻ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፤ ድኻውን ሳያሳፍር የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው።

ምናልባት በልብህ፥ እርሳቸው ባለጸጋ ስለ ነበሩ ይህን ማድረግ አልከበዳቸውም ትል ይሆናል። እውነት ነው፥ ባለጸጋ ነበሩ። ነገር ግን ባለጸጋ ሁሉ እንዲህ ያደርጋልን? አንተ ራስህ በገበያህ ውስጥ ታውቀዋለህ፤ ብዙ ጊዜ አንዲቱን ሳንቲም የሚጨቃጨቀው ምንም የሌለው ሰው ሳይሆን ጐተራው የሞላለት ነው። ደግሞ የሐቅ ነገር የሚጀምረው ከ30 ሺ ድርሃም አይደለም፤ ከአንድ ክንድ ጨርቅና ከአንዲት የሚዛን ድንጋይ ነው። በትንሹ ያልለመደ ሰው በትልቁ ቀን አይቻለውም።

ትርፋቸውንም እንዴት ያደርጉት እንደ ነበረ ልንገርህ። ከዓመት እስከ ዓመት ትርፉን ሰብስበው ለዑለማእና ለሐዲስ አስተማሪዎች ቀለብና ልብስ ይገዙበት ነበር። የተረፈውንም ገንዘብ ይሰጧቸውና፥ ከራሳቸው ሀብት ሳይሆን አላህ በእጃቸው ለእነርሱ ያሳለፈው ስለ ሆነ እርሱን ብቻ እንዲያመሰግኑ ያሳስቧቸው ነበር። ልጃቸው ሐማድ፥ በመምህራቸው ስም የጠሩት ማለት ነው፥ ፋቲሓን ተምሮ በፈጸመ ጊዜ ለአስተማሪው 500 ድርሃም እንደ ሰጡ ተርከዋል። እናንተ ወላጆች ሆይ፥ ለልጃችሁ ጫማ ስትገዙ ዋጋውን አትከራከሩም፤ ቁርኣን ለሚያስቀራው መምህር ስትከፍሉ ግን እጃችሁ ለምን ያጥራል?

ከደረሶቻቸው መካከል አንዱ አቡ ዩሱፍ ናቸው። እርሳቸው የድኻ ልጅ ነበሩ፤ ቤተ ሰቦቻቸውም ትምህርቱን ትተው ለዕለት እንጀራ እንዲሠሩ ያስገድዷቸው ነበር። አቡ ሐኒፋም ከሐለቃው መቅረታቸውን አይተው ጠየቁ፤ ምክንያቱንም ባወቁ ጊዜ የ100 ድርሃም ከረጢት ሰጧቸው፥ ሲያልቅም ሳይጠየቁ ይጨምሩላቸው ነበር። ያ ድኻ ልጅ ኋላ በኸሊፋው በሃሩን አር ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ አለቃ ሆኑ፤ ስለ መንግሥት ግብር ሥርዓትም ኪታብ አል ኸራጅ የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። አስብ እንግዲህ፥ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ትርፍ ምን ያህል ፍርድና ዕውቀት ለዓለም ወጣ!

ለጐረቤትም የነበራቸውን ነገር ተመልከት። በአጠገባቸው አንድ ጫማ ሰፊ ይኖር ነበር። ቀን ሲሠራ ይውልና ሌሊት እየጠጣ፥ ሰዎች እንደ ጣሉትና እንደ ረሱት የሚያሰማ ዘፈን ሲዘፍን ያድር ነበር። ኢማሙ ሌሊት በሚሰግዱበት ሰዓት ድምፁን ይሰሙ ነበር። አንድ ሌሊት ድምፁ ጠፋ፤ ጠይቀውም ዘበኞች ይዘው እንዳሰሩት ተረዱ። እርሳቸውም ዕረፍት አገኘሁ አላሉም። ሲነጋ በቅሎአቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ገዢው ሄዱና ለመኑለት፤ ገዢውም ለክብራቸው ሲል ያን ሰውና በዚያች ሌሊት የተያዙትን ሁሉ ፈታ። ወደ ቤት ሲመለሱ ጫማ ሰፊው ከኋላቸው ይከተል ነበር። ዘወር ብለውም፥ በውኑ ጥለንሃልን ብለው በርኅራኄ ጠየቁት። ሰውዬውም አልቅሶ መጠጡን ተወ ይባላል። ብዙ ተግሣጽ ያላቀናውን ሰው አንድ የጐረቤት ፍቅር አቀናው።

ለእናታቸውም እንዲሁ ነበሩ። እናታቸው አንድ የሃይማኖት ጥያቄ በገጠማቸው ጊዜ የልጃቸውን መልስ አልተቀበሉም፤ ዙርዓ የሚባለው ተራኪ ካልነገረኝ አሉ። ልጃቸው የዒራቅ ታላቅ ሊቅ መሆናቸው ለእናታቸው ምንም አልነበረም። አቡ ሐኒፋም አልተቈጡም፤ እናታቸውን ወደ ዙርዓ ዘንድ ወሰዱ። ዙርዓም እርሳቸው ባሉበት እኔ እንዴት እመልሳለሁ ብሎ አፈረ። ስለዚህ መልሱን ለእርሱ ነገሩት፥ እርሱም ለእናታቸው ነገራቸው፥ እናትም ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ትንሽ ተምሮ የእናቱን ንግግር የሚንቅ ልጅ ይህን ይስማ።

አሁን ወደ ከባዱ ፈተና ደርሰናል። በኡመያ ነገሥታት መጨረሻ የዒራቅ ገዢ የነበረው ኢብን ሁበይራ፥ አቡ ሐኒፋ ሹመት እንዲቀበሉ አዘዘ። የፈለገው ፍርድ እንዲያቀኑለት ብቻ ሳይሆን በታወቀው ስማቸው ሥልጣኑን እንዲያስከብሩለት ነበር። እርሳቸውም እምቢ አሉ። ስለ እምቢታቸውም በብዙ ቀን ተከፋፍሎ ከመቶ በላይ ጅራፍ ተገረፉ። በዚያ ጊዜ ከግርፋቱ ይልቅ የከበዳቸው የእናታቸው ኀዘን እንደ ነበረ ተራኪዎች ጽፈዋል። ልብ በል፤ ሐቅን የሚጠብቅ ሰው ዋጋውን ብቻውን አይከፍልም፥ የሚወዱትም አብረው ይከፍላሉ። ይህንም እያወቁ አልተመለሱም። በሂጅራ 130 ዓመት ገደማ ወደ መካ ሄደው፥ የዐባሲዎች መንግሥት እስኪጸና ድረስ እዚያ ኖሩ።

ከዚያም ባግዳድን በ762 የቈረቈረው ኸሊፋ አቡ ጃዕፈር አል መንሱር ዳግመኛ ቃዲ እንዲሆኑ ጠራቸው። እርሳቸውም ለዚህ ሥራ የማልበቃ ነኝ አሉ። ኸሊፋው ዋሸህ አላቸው። እርሳቸውም ውሸታም ከሆንሁ ውሸታም ለፍርድ አይበቃም፤ እውነት ከተናገርሁም እንደማልበቃ ነግሬሃለሁ ብለው መለሱ። ኸሊፋውም ክርክሩ ስለ ጠበበበት በእስር ቤት አገባቸው። በሂጅራ 150 ዓመት፥ በ767፥ ዕድሜያቸው 70 ዓመት ሲሆን አረፉ፤ ብዙ ተራኪዎች የሞቱት በእስር ሳሉ ነው ብለዋል። የባግዳድ ሕዝብ እጅግ ብዙ ሆኖ ስለ ወጣ ሰላተል ጀናዛው ደጋግሞ ተሰገደ። የተቀበሩበት የኸይዙራን መካነ መቃብር ያለበት ሰፈርም በእርሳቸው ቅጽል ስም አል አዕዞሚያ ይባላል።

ነገር ግን ከዚህ ሹመት ሁሉ ኀጢአት ነው የሚል ትምህርት አታውጣ። ደረሳቸው አቡ ዩሱፍ ሹመትን ተቀብለው ብዙ ጥቅም ሠርተውበታል። የአቡ ሐኒፋ ነገር ሌላ ነው። እርሳቸው የገዛ ነፍሳቸውን መዝነው፥ በዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጡ ለሐቅ ሳይሆን ለሿሚው እንደሚፈርዱ ፈሩ። ጉድለት ያለበትን ጨርቅ ንጹሕ ነው ብለው እንዳልሸጡ ሁሉ፥ የጐደለውን ፍርድም በስማቸው ሊያስጌጡ አልፈቀዱም። ሱቁም ወንበሩም በእርሳቸው ዘንድ አንድ ሚዛን ነበራቸው።

ይህ ጠባያቸው በፊቅሃቸውም ይታያል። ሰው ያላየውን ሸቀጥ ቢገዛ፥ ባየው ጊዜ የመመለስ መብት እንዳለው አስተምረዋል። ለአካለ መጠን የደረሰችና አእምሮዋ የተስተካከለ ሴት የጋብቻዋን ውል ራስዋ ልትዋዋል እንደምትችል ፈርደዋል፤ በዚህ ብዙ ሊቃውንት አልተስማሟቸውም። ገንዘብ የሚያባክን ቢሆንም እንኳ፥ ባለ አእምሮ የሆነ ጐልማሳ በሀብቱ እንዳያዝ ዳኛ ሊከለክለው እንደማይገባ ተናግረዋል፤ በዚህ የገዛ ደረሶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ ሸይባኒ ተቃውመዋቸዋል። መምህር ሆይ፥ ደረሳህ ሲቃወምህ አትቈጣ፤ የእርሳቸው ሐለቃ ጥያቄ እየቀረበ፥ ሁሉም ሐሳቡን እየሰጠ የሚከራከርበት ሸንጎ ነበረ። መዝሀባቸውም በዚህ መንገድ ጸና። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፥ ከ1869 እስከ 1876፥ የዑስማን መንግሥት መጀላ የተባለውን 1851 አንቀጽ ያለበትን ሕግ ሲያዘጋጅ፥ የሽያጭን፥ የኪራይንና የሽርክናን ሥርዓት የወሰደው ከሐነፊያ መዝሀብ ነው።

አንባቢ ወንድሜ፥ አንቺም እህቴ ሆይ፥ በመጀመሪያ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የአቡ ሐኒፋ ሕይወት ሀብት ነበረበት፤ መልካምነቱ ግን በሀብቱ አልነበረም፥ 30 ሺውን በአንድ ቀን ሰጥተዋልና። ክብር ነበረበት፤ መልካምነቱ ግን በክብሩ አልነበረም፥ በእስርም ሳሉ ያው ሰው ነበሩና። የሕይወታቸው መልካምነት በሱቅ ሳሉ፥ በመስጊድ ሳሉ፥ በእናታቸው ፊት ሳሉ፥ በኸሊፋውም ፊት ሳሉ አንድ ሰው መሆናቸው ነው። በመስጊድ አንድ፥ በገበያ ሌላ፥ በቤቱም ሦስተኛ የሚሆን ሰው ግን ምንም ያህል ቢያተርፍ ዕረፍት የለውም፤ ሦስቱ ሰዎች በውስጡ ይካሰሳሉና።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሱቅህን ከመዝጋትህ በፊት፥ የገንዘብህን ሒሳብ በቈጠርህበት እጅ የቀኑን ሥራህንም ቍጠር። ጉድለቱን ሳትነግረው የሸጥህለት ሰው አለን? ዋጋውን አለማወቁን አይተህ የተጠቀምህበት አለን? ከመደርደሪያህ ላይ ለነገ ያጠፍኸው፥ ነውሩ ወደ ውስጥ የዞረ ጣቃ አለን? ካለ፥ አውጥተህ ነውሩን ወደ ውጭ አዙረህ አስቀምጠው። ነገ የመጀመሪያው ገዢ ሲመጣ አስቀድሞ እርሱን ያያል፤ ዋጋህም ጥቂት ይወርድ ይሆናል። የቀረልህ ገንዘብ ግን ወደ ልጆችህ ማዕድ በሐላል ይገባል።

አላህ ገበያችንን በሐቅ፥ ቤታችንን በሰላም ይሙላልን፤ ኢማም አቡ ሐኒፋንም ይዘንላቸው። አሚን።